ሃያ ሁለት ብልቃጥ

መስከረም 19

ይድረስ ለምራቴ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ደብዳቤ ሲጀመር «ከናፍቆት በቀር ደህና ነኝ» ይባላል። እኔ ከናፍቆት፣ ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ብዙ አልተረፈኝም፤ ለተረፈው ግን እግዜር ይመስገን።

ለጠየቅሽኝ በተራ ልመልስ። በላክሽው ቅባት ጉልበቴን አሸሁት፤ ቤቱ ሸተተ እንጂ ጉልበቴ አልሰማም። ስልክ ይግዙ ላልሽኝም መልሴ ያው ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የጀልባ ሞተር ስጠግን ሞተሩ ጆሮዬን በልቶታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲሉ ስለ እኔ የሚያወሩ አይመስለኝም ነበር። አንቺ «ሃሎ» ስትይ፣ እኔ «ማነው?» ስል ይመሻል። በጽሑፍ ልላክ ብል ደግሞ አውራ ጣቴ ሦስት ፊደል ባንዴ ይጫናል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ሞኙ እኔ ነኝ፣ ወረቀቱም እዚሁ አለ፣ በዚሁ እንቀጥል።

ሳጥኑ በደህና ደርሷል። ከባዶዎቹ ብልቃጦች አንድም አልተሰበረ። ከሥር የከተትሽውን ደብዳቤ ሦስቴ አነበብኩት፤ ሁለቴ ለሥራው፣ አንዴ ዝም ብዬ።

አሁን ስድስት ልኬልሻለሁ፤ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ሰባት። እንዳሳየሽኝ ነው የሠራሁት። ዶልፊኑ ከጀልባዋ አፍንጫ ሥር ሊጫወት ሲመጣ፣ ዘንጉ ጫፍ ላይ ባለው ሻካራ ስፖንጅ ጀርባውን አንዴ ፈተግ አደርገዋለሁ። ከቆዳው የምትላጠው ትንሽ ነገር ስፖንጁ ላይ ትቀራለች፤ ከዚያ በወረንጦ ወደ አልኮሉ። በጣቴ አልነካኋትም። እነሱ እንደሆኑ አይቀየሙኝም፣ ጀርባቸውን ያከክሁላቸው ነው የሚመስላቸው።

ባለቤቶቹን ላስተዋውቅሽ። አሥራ ሁለት አሮጊቷ ናት። አሥራ ሦስት ልጇ ነው፤ ከጎኗ አይለይም፣ እሷ ስትተነፍስ ይተነፍሳል። አሥራ አራትና አሥራ አምስት ሁለቱ ወንድማማቾች ናቸው፤ ተኳርፈዋል መሰለኝ አንዱ በቀኝ ከመጣ ሌላው በግራ ነው። አሥራ ስድስት ዘናጩ ነው። አሥራ ሰባት ደግሞ ነገረኛዋ፤ የጀልባዬን ጎን በአፍንጫዋ ሳትጎሽም አትሄድም።

ልጄ ይህን ሥራ ጀምሮ፣ አንቺን ከላቦራቶሪው እኔን ከባሕሩ አቁሞ፣ ሁለታችንንም ጥሎ ሌላ አገር ከሄደ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ ስጨርስ ምን ብዬ እንደምፈርም ይቸግረኛል። የባልሽ አባት እንዳልል ባል የለም። አንቺው ጨርሺው።


ጥቅምት 11

ይድረስ ለአባባ፤

መልሴ ስለዘገየ ይቅር ይበሉኝ። ስድስቱም ብልቃጦች ደርሰዋል። የአንዱ ክዳን ላይ የሞተር ዘይት ነበር፤ ጓንቲው አይቶ «ይሄኛው ዶልፊን ሰርቪስ ያስፈልገዋል» ብሎ ሳቀ። ጓንቲው የምለው የሥራ ባልደረባዬን ነው፤ ሻይ ሲጠጣ እንኳ ጓንቱን አያወልቅም። እዚህ ያለነው እሱና እኔ ነን፣ ከሦስት ማቀዝቀዣ ጋር። መስኮት የለንም። ውጭ ዘንቦ እንደሆነ የማውቀው ዘበኛው ጫማውን ሲጠርግ ነው።

«የምትሠሪውን ሰው ሲጠይቀኝ ማስረዳት ያቅተኛል» ብለው ቀደም ሲል ለጻፉልኝ፣ እንዲህ ይበሏቸው። ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ዘሩ እንደ ረጅም ጽሑፍ ነው። በጽሑፉ ውስጥ አንዳንድ ቦታ ላይ አንድ ቃል ይንተባተባል፣ «ካ ካ ካ ካ» እያለ። አንዱ ዶልፊን ያንን አሥራ ሁለት ጊዜ ይለዋል፣ ሌላው አሥራ አምስት፣ ሌላው ዘጠኝ። አንዱን ከእናቱ ሌላውን ከአባቱ ስለሚወርስ፣ እያንዳንዱ በየቦታው ሁለት ቁጥር አለው። እኔ የምፈልገው እነዚህን የሚንተባተቡ ቦታዎች ነው፤ ማርከር የምንላቸው እነሱን ነው። አንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ሁለት የማይተዋወቁ ዶልፊኖች በአጋጣሚ ይመሳሰላሉ። አሥራ አራት ካገኘሁ ግን የትኛው የትኛው እንደሆነ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ስንት እንደቀሩ፣ ባሕር ሳልወርድ እዚሁ ወንበሬ ላይ አውቃለሁ። አርባ እጩ ይዣለሁ።

አባባ፣ የመሥሪያ ቤቱን ነገር ደግሞ አልደብቅዎትም። ጥር 20 ሥራዬ ይገመገማል። ማርከሮቼ አንዱን ዶልፊን ከሌላው መለየታቸውን ካሳየሁ ሥራው ይቀጥላል፤ እርስዎ ባሉበት ወሽመጥ ውስጥ በቂ መንጋ ካለም በመውለጃቸው ወራት መረብ እንዳይጣል ይከለከላል። ካላሳየሁ ክፍሉ ይዘጋል፤ እኔም ወተት ምርመራ እዛወራለሁ። ናሙና ሊልክልኝ የነበረው ሌላው፣ የደቡቡ የባሕር ጣቢያ፣ እስካሁን አንድም አልላከም። ስለዚህ ያለኝ የእርስዎ ብልቃጥ ብቻ ነው። ሃያ ሁለት ቢሞላልኝ ይበቃኛል፤ ዋናው ነገር የተለያዩ መሆናቸው ነው።

አሮጊቷንና ልጇን፣ ወንድማማቾቹን፣ ሁሉንም ትልቅ ወረቀት ላይ ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጥፌያቸዋለሁ፣ እንደ ዘር ሐረግ። ምሳዬን ፊቴን ወደ እነሱ አዙሬ ነው የምበላው። ጓንቲው ምሳውን ቤቱ ሄዶ ስለሚበላ፣ እነሱ ባይኖሩ ከማቀዝቀዣው ጋር ነበር የምቀመጠው። አሮጊቷ ስንት ዓመት ይሆናታል? ወንድማማቾቹስ በምን ተጣሉ? እርስዎስ የት ሆነው ይጽፋሉ፣ ልጅዎስ ጽፎልዎታል?

ፊርማዎን እንድጨርሰው ነግረውኛል። ምራት የሚያሰኘው ባል ነው እያልኩ ሳስብ እኔም ቆሜ ቀረሁ። ይቆየን።

እንደዚያው ያለችው፣ እኔ


ጥቅምት 30

ይድረስ ለምራቴ፤

ተንተባታቢ ፊደል! ወይ ጉድ! ለጎረቤቴ ለመረብ ጠጋኙ ነገርኩት። «ታዲያ አንተም ስትቆጣ ትንተባተባለህ፤ እነሱ ጋ ብትላክ ዶልፊን ነው ሊሉህ ነው» አለኝ። እየሳቅሁ ተቆጣሁት።

የአሮጊቷን ዕድሜ ጠይቀሻል። ሴት ናትና አትናገርም። የጠዋት ሰው ናት፣ ከሁሉም ቀድማ ትመጣለች። ልጇ ዓሣ እያሳደደ ከራቀባት ውኃውን በጅራቷ አንዴ ትመታዋለች፤ ና ተመለስ ማለቷ ነው። እሱም አኩርፎ ይመለሳል። ወንድማማቾቹ በምን እንደተጣሉ ማን ያውቃል? እነሱም ሳይረሱት አልቀሩም። ኩርፊያ እንደዚህ ነው፣ ምክንያቱ ሞቶ እሱ ይኖራል።

አምስት አዲስ ልኬልሻለሁ። እነሆ ሃያ ሁለት ሞላልሽ። ሃያ ሁለተኛው ዓይን አፋር ነው፤ ለሁለት ሳምንት ለምኜው ነው የመጣ።

የት ሆነው ይጽፋሉ ላልሽኝ፣ ወጥ ቤት ነኝ። ጠረጴዛው ሦስት ወንበር አለው፤ አንዱ ላይ እኔ፣ ሁለቱ ላይ ዕቃ ደርድሬያለሁ፣ ባዶ እንዳይመስሉ።

ስለ ልጄ ለጠየቅሽኝ፦ ጽፎልኛል፣ ደህና ነው። ከዚህ በላይ ያለውን ሆድ ይፍጀው።

ፊርማው እንዳለ ይቆይሽ።


ኅዳር 24

ይድረስ ለአባባ፤

ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍ ያውቁብኛል፤ ስለዚህ አልልም።

ከአርባዎቹ እጩዎች ሃያ ስድስቱ ገና ከጅምሩ አልሠሩም። እሱ የተለመደ ነው። አሥራ አራቱ ግን እንዴት ደስ የሚል መስመር እንደሰጡኝ! ቁልጭ ያለ፣ ሁለት ሁለት፣ ልክ እንደ መጽሐፉ። ጓንቲውን አቅፌው ነበር፣ ከነጓንቱ። ከዚያ ሃያ ሁለቱን ብልቃጦች ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ሁሉም አንድ ናቸው። አሮጊቷም፣ ልጇም፣ ወንድማማቾቹም፣ ዓይን አፋሩም፣ በአሥራ አራቱም ቦታ አንድ ዓይነት ቁጥር። ልጁ እኮ ግማሹን ከአባቱ መውሰድ ነበረበት!

ማርከሮቼ ዕውሮች ናቸው፤ ማንንም ከማንም አይለዩም። ሙቀቱን ለወጥኩ፣ መድኃኒቱን ለወጥኩ፣ ውኃውን ለወጥኩ። አንዱን ብልቃጥ ከሌላው ደባልቄ ይሆናል ብዬ ሁሉንም ከመጀመሪያው ደገምኩ። ያው ነው።

ጓንቲው ትናንት «ወይ አንቺ ተሳስተሻል፣ ወይ ሃያ ሁለቱም አንድ ዶልፊን ነው» አለኝ። ጮህኩበት። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ባሕር ላይ የኖሩ ሰው ናቸው፣ እናትን ከልጇ አሳምረው ይለያሉ፣ እኔ ከራሴ ይልቅ እሳቸውን አምናለሁ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሰላምታው ቀዝቅዟል። እንግዲህ በቀን ውስጥ የሚያናግረኝ ዘበኛው ብቻ ሆኗል፤ እሱም «መብራት አጥፊ» ነው የሚለኝ።

ልብ ብለው ይንገሩኝ እስቲ። ስፖንጁን በየጊዜው ይቀይሩታል አይደል? አዲስ ስፖንጅ ለአዲስ ዶልፊን?

እኔ


ታኅሣሥ 8

ይድረስ ለምራቴ፤

ደርሶኛል፣ አንብቤዋለሁ። ስፖንጁን እቀይራለሁ።

ባሕሩ ሰሞኑን ተናዷል። አልወጣሁም። ጉልበቴም ያው ነው።

ማሽን ነው፣ ማሽን ይሳሳታል። ሞተር እንኳ እኔን ስንቴ አታሎኛል። ራስሽን አትርገሚ። ጓንቲውንም አትቆጪው፣ ክፉ ሰው አይመስለኝም።

ዛሬ ብዙ የምጽፈው የለኝም።


ታኅሣሥ 27

ይድረስ ለአባባ፤

የመጨረሻው ደብዳቤዎ አጭር ሆነብኝ። አስቀይሜዎት እንደሆነ ብዬ የራሴን ቅጂ አውጥቼ አነበብኩት። ስለ ስፖንጁ መጠየቄ ነው መሰለኝ። እንደ መርማሪ ጠየቅሁዎት፤ ይቅር ይበሉኝ።

አለቃዬ ጠርቶኛል። እስከ ጥር 20 መጠበቅ ጊዜ ማባከን ነው ብሏል። የዝውውር ወረቀቱን ከወዲሁ አዘጋጅቶልኛል፤ ደንብ ነውና የምፈርመው ግን ያው ጥር 20 ነው። ወተት ምርመራ መጥፎ አይደለም፣ መስኮት አለው ይላሉ። የስምንት ዓመት ትምህርቴ ግን ለወተት አልነበረም አባባ። «ሥራው ከባድ ሆኖባት ነው፤ የጀመረው ባሏ ቢሆን ያወጣው ነበር» ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ምን እላለሁ? ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል። አሥራ አራቱን ማርከሮች ትናንት ከማቀዝቀዣው አውጥቼ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳቸው።

ከዚህ በኋላ ሳጥን አይመጣልዎትም። በዚያ ጉልበት ያን ያህል ቀን በከንቱ አንከራተትኩዎት። አሮጊቷን ይሰናበቱልኝ። ግድግዳውን ገና አላነሳሁትም።

እኔ


ጥር 6

ይህን ደብዳቤ ለፖስታ አልሰጠሁትም፤ ወደ እናንተ ከተማ ለሚሄድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው የሰጠሁት፣ ከጥር 20 በፊት እጅሽ ላይ እንዲያደርስልኝ። ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

ጓንቲው ልክ ነው። አንድ ዶልፊን ነው።

አሮጊት የለችም። ልጅ የላትም። ወንድማማቾችም፣ ዘናጭም፣ ነገረኛም፣ ዓይን አፋርም የሉም። ከአንድ እስከ ሃያ ሁለት ያለው ሁሉ አንዱ ነው። ትልልቆቹ መርከቦች በዚህ ማለፍ ከጀመሩ ወዲህ የቀሩት ስድስት ሰባት ሆነው የነበሩት አንድ ጠዋት ወጥተው ሄዱ፤ እሱ ቀረ። ለምን እንደቀረ አላውቅም። በየቀኑ ይመጣል፣ ጀርባውን እፈትግለታለሁ፣ ይሄዳል። ዘንጉን ሲያይ ራሱ ዞሮ ጀርባውን ይሰጠኛል።

የመጀመሪያውን ብልቃጥ ስልክልሽ ውሸት አላሰብኩም። አንቺ ግን «አንድ ብቻ ከሆነ ወሽመጡን እንተወዋለን» ብለሽ ጻፍሽ። እሱን ሳነብ ፈራሁ። ሳጥኑ ከቀረ ደብዳቤሽ ይቀራል። ልጄ ጥሎሽ ሄዷል፣ ልጅ አልወለዳችሁም፤ በምን ስም ትጽፊልኛለሽ? የቀድሞ ባል አባት ለሰው ምኑ ነው? ስለዚህ ሁለተኛ ዶልፊን ፈጠርኩ። ከዚያ ሦስተኛ። ስለ እነሱ ስትጠይቂኝ ደስ አለኝና እየበዙ ሄዱ። ጠዋት የምነሳው ዛሬ ማንን ልፍጠርላት እያልኩ ሆነ።

አሮጊቷም ነገረኛዋም ሚስቴ ናት፣ ነፍሷን ይማር። በጅራቷ ውኃ የምትመታው ልጃችንን ለምሳ ስትጠራው ነው። ወንድማማቾቹ እኔና ወንድሜ ነን። ግድግዳሽ ላይ የለጠፍሽው የእኔን ቤት ነው።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔው እያደር ከበደኝ። ቢሆንም ታኅሣሥ ላይ እውነቱን መጻፍ ስችል ስለ ማዕበል ጻፍኩልሽ፤ ማዕበል አልነበረም። «ከራሴ ይልቅ እሳቸውን አምናለሁ» ያልሽውን ካነበብኩ በኋላ እውነቱን ለመጻፍ ብዕር ማንሳት አቃተኝ። ያው ግን ፈሪ ሆኜ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ማርከሮችሽ ዕውር አይደሉም፤ ዋሾው እኔ ነኝ። ይህን ወረቀት ለአለቃሽ ስጪው። ከፈለገም ዋሾ ሽማግሌ ብሎ ይመዝግበኝ።

አንድ የደበቅሁሽ ሌላ ነገር አለ፤ ከተናዘዝኩ አይቀር። ልጄ ሴት ልጅ ወልዷል። ሰኔ ላይ ነው የጻፈልኝ። ሆድሽ እንዳይባባ ብዬ ዋጥኩት።

መልስ እንድትጽፊልኝ አልለምንሽም።


የካቲት 14

አልለምንሽም ብዬ ነበር፤ እየለመንኩሽ ነው።

ሹፌሩ «እጇ ላይ ሰጥቻታለሁ፣ ቆማ አነበበችው» አለኝ። እንግዲህ ደርሶሻል። ወተቱ ጋ ሄደሽ እንደሆነ፣ ወይስ እዚያው እንዳለሽ፣ አንድ ቃል ብትጽፊልኝ ይበቃኛል። የፖስታ ቤቷ ልጅ ስታየኝ ገና ከሩቁ ራሷን ትነቀንቃለች። ቂም ከያዝሽብኝም እሱኑ ጻፊልኝ።


መጋቢት 3

ይድረስ ለአባባ፤

ሰላምታ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴ ሰረዝኩት። ልዝለለው።

ደብዳቤዎን አንብቤ እንደጨረስኩ ግድግዳው ጋ ሄጄ ያንን ትልቅ ወረቀት ቀደድኩት። ተናድጄ ነው የቀደድኩት፤ አልዋሽዎትም። ሁለት ወር ሙሉ ራሴን ደደብ ስል ከርሜያለሁ። ሰው ፊት ቆሜ ለእርስዎ ምያለሁ። ጓንቲውን ይቅርታ ስጠይቀው እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። አለቃዬ ደብዳቤዎን ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ «የቀድሞ ባል አባት ለሰው ምኑ ነው» የምትለው ጋ ሲደርስ፣ ይበቃል ብዬ ከእጁ ነጠቅሁት። እንዴት አንድ ቀን እንኳ አላመኑኝም? ብልቃጥ ባይኖር እንደማልጽፍልዎት በምን አወቁ? እኔ እኮ ኅዳር ላይ ስለ ሥራው ብዬ ብቻ አልነበረም የማለቅሰው።

ይኸው ተቆጣሁ። አሁን ሌላውን ልጻፍ።

አሥራ አራቱን ማርከሮች ጓንቲው ከቆሻሻው አውጥቶ ማቀዝቀዣ ከትቷቸው ኖሯል። «ሰው ሲናደድ የጣለውን ነገር ለአንድ ወር ማስቀመጥ ነው» አለኝ። ግምገማው ሳምንት ሲቀረው የደቡቡ ጣቢያ ናሙና ደረሰ፣ አሥራ ስምንት ብልቃጥ። ሁሉም የተለያዩ ናቸው አባባ! አንዱም ከአንዱ አይመሳሰልም። የእርስዎን ደግሞ ሃያ ሁለት ጊዜ ጠየቅኋቸው፣ ሃያ ሁለት ጊዜ «ያው እሱ ነው» አሉኝ። ስሙን ሃያ ሁለቴ ቀያይረው ልከውልኝ ማርከሮቼ አንዴም አልተሸወዱም። ገምጋሚዎቹ ከምንም በላይ የወደዱት እሱን ነው። ወተት ምርመራ አልሄድኩም።

ጾታውንም አይቻለሁ። አሮጊቷ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ወንድ ናት።

ሌላም አለ። ከደቡቡ ብልቃጦች አምስተኛው ያረጀች ሴት ናት። በአሥራ አራቱም ቦታ ከሁለቱ ቁጥሮቿ አንዱ የእሱ ነው። እናቱ ናት ብዬ አምናለሁ። የእርስዎ መንጋ አልሞተም፤ በጀልባ ሁለት ቀን የሚያስኬድ ቦታ ሄዶ ሰፍሯል። እሱ ብቻ ነው ያልተከተላቸው። ለምን እንደሆነ ማርከሩ አይነግረኝም።

ወሽመጥዎ ከዝርዝሩ ወጥቷል። ለአንድ ዶልፊን መረብ አይከለከልም አሉ። ተከራከርኩ፣ አልሆነልኝም። መረብ ጠጋኙን ይለምኑልኝ፣ ቢያንስ ዶልፊኑ የሚመጣበት ጠዋት ላይ እንዳይጥሉ። ሳጥን ከእንግዲህ አይመጣም፤ ዘንጉን መመለስ አያስፈልግዎትም።

ስለ ሕፃኗ አውቃለሁ። እኔም ሰኔ ላይ ነው የሰማሁት፤ ለእርስዎ አልነገረዎትም ይሆናል፣ ከእኔ አይስሙ ብዬ ዋጥኩት። ሁለታችንም አንድ ነገር ውጠን ስንተያይ ከረምን ማለት ነው። ፎቶዋን እንዳልላከልዎት ከደብዳቤዎ ገባኝ። እኔ ልጅዎ ለጓንቲው ልኮለት ስልኩ ላይ አይቻታለሁ፤ እኔ ልንገርዎት። ጥርስ አላወጣችም። ጣቶቿ ረጃጅም ናቸው። አንድ ጆሮዋ ወደ ፊት ታጥፏል፣ ሲያድግ ይስተካከላል። ሰፊው ግንባር የእርስዎ ነው፤ ሲቆጡ መሐሉ ላይ የሚሰራው መስመር እንኳ አለ። ሳያት አልቅሼ ነበር፤ አሁን ስጽፍልዎት ግን አላለቀስኩም። ቆንጆ ናት።

ይህን ደብዳቤ በመሥሪያ ቤቱ አልላክሁትም። በምሳ ሰዓት ወጥቼ ፖስታና ቴምብር ገዛሁ። ከጀርባው የጻፍኩት አድራሻ የቤቴ ነው። ልጅዎ ከሄደ በኋላ የተከራየሁት ነው፣ እስካሁን ለማንም ሰጥቼው አላውቅም። ከጻፉልኝ በእሱ ይጻፉልኝ።

እኔ


መጋቢት 21

ልጄ፤

ደብዳቤሽን ፖስታ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ከፈትኩት። የፖስታ ቤቷ ልጅ ወንበር አወጣችልኝ፤ ምን አይታብኝ እንደሆነ አላውቅም። ቁጣሽን ሁለቴ አነበብኩት። ይገባኛል፣ አንዲት ቃል አልበዛችብኝም። ይቅር በይኝ።

ግንባሯ የእኔ መሆኑን ስሰማ አዘንኩላት፤ ፀጉር ያብቅልላትና ይሸፍንላት። ቤት ገብቼ ግን መስተዋት ፊት ቆምኩ። ያልሽው መስመር እውነትም አለ፤ እስከ ዛሬ አላየሁትም። አመሰግንሻለሁ። ይህን ልትጽፊልኝ የምትገደጂ የመጨረሻዋ ሰው አንቺ ነበርሽ።

መረብ ጠጋኙን አናግሬዋለሁ። እሱ እሺ ብሏል፣ ሌሎቹ ስቀውብኛል። ዶልፊኑ አሁንም ይመጣል። ዘንጉን ስላላወጣሁ ጀርባውን ሰጥቶ ጥቂት ይጠብቅና ይሄዳል። እናት እንዳለችው ነገርኩት። የሰማኝ አይመስለኝም።

ከዚያ መልስ ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ፣ ምን እንደምጽፍ ግን ጠፋኝ። ሁለት ቀን ወረቀቱን አፍጥጬ አየሁት። ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ የጻፍኩልሽ ስለ ብልቃጥ፣ ስለ ጉልበቴና ስለሌሉ ዶልፊኖች ነው። ጠያቂዋ ሁልጊዜ አንቺ፣ መላሹ ሁልጊዜ እኔ። የወጥ ቤቴን ወንበር ቁጥር እንኳ ታውቂያለሽ። እኔ ስለ አንቺ አንድም ነገር ጠይቄሽ አላውቅም። እንዲህ አፍሬ አላውቅም፤ ከውሸቱ ይልቅ ይሄኛው ነው የቆረቆረኝ።

አሁን ልጠይቅሽ። ቤትሽ ስንተኛ ፎቅ ነው? መስኮቱ ፀሐይ ያስገባል ወይስ እሱም እንደ ላቦራቶሪው ነው? እሑድ እሑድ የት ትሄጃለሽ? ራትሽን ቆመሽ ነው የምትበይው ቁጭ ብለሽ? ሲያምሽ ማን ያውቃል? አንድ በአንድ መልሺልኝ፣ አትቸኩዪ፣ የምጠብቀው ሌላ ነገር የለኝም። ሌላውን ብትዘይውም ይህቺን አትዝለያት፦ ከሥራ ስትመለሽ በሩን ከውስጥ የሚከፍትልሽ ሰው አለ፣ ወይስ አንቺም ቁልፍሽን ይዘሽ ነው የምትዞሪው?